የምጣድ ሽቦ አይቆረጥ

የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥገና የሚለማመድ ሰው አዲስ ሽቦ እጁ ሲገባ ቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያህሉን ልቁረጥ?» ብሎ ነው። ጥያቄውን ያስተማሩት የቀደሙት ናቸው፤ ምጣዱ ቶሎ እንዲግል ከሽቦው ቀንሶ ማሰር እንደ ብልሃት ሲቆጠር ኖሯል። ደንበኛም ይወደዋል፤ ለውጡን በዚያው ቀን ያየዋልና። እኔ ግን ለጀማሪ ከሁሉ በፊት ሊነገረው የሚገባው አለመቁረጥ ነው ባይ ነኝ፤ ቀጥሎም ሽቦውን እኩል መሳብ። ሌላው ሙያ ከዚህ በኋላ ይደርሳል።

ሒሳቡን እንየው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት እንዲወስድ የተሠራ ምጣድ የሽቦው ሬዚስታንስ ወደ 14 ኦም ይጠጋል፤ የሚስበው 16 አምፔር ገደማ ነው። ከሽቦው አንድ አምስተኛው ቢቆረጥ ሬዚስታንሱ ወደ 11 ይወርድና ምጣዱ ወደ 4,400 ዋት ይወስዳል። ቆራጩን የሚያስደስተው ይህ የሩብ ያህል ጭማሪ ነው። ነገር ግን የጨመረውን ኃይል የሚሸከመው ያጠረው ሽቦ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር ላይ የሚያርፈው ሙቀት ከቀድሞው በ56 በመቶ ይበልጣል። ሽቦን የሚያቃጥለው ደግሞ ይኸኛው ነው፤ ጠቅላላው ዋት ብቻውን ምንም አይነግረንም። በዚያ ላይ መስመሩ 20 አምፔር መሳብ ይጀምራል። ለ16 የተሠራ ሶኬት ግሎ ሲጠቁር ጥፋቱ የሶኬቱ ይመስላል።

ቆራጮቹ የሚያነሱት መከራከሪያ ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። «በእኛ ሰፈር 220 በወረቀት ላይ ነው ያለው» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ቮልቴጁ ወደ 180 ሲወርድ ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፤ ሸጣ የምታድር ጋጋሪ ደግሞ ሊጧንም ጊዜዋንም ትከስራለች። ችግሩ ቮልቴጁ እንደወረደ አለመቅረቱ ነው። ሰፈሩ ጋግሮ ሲጨርስ መብራቱ ይመለሳል፤ ለ180 ተብሎ ያጠረው ሽቦ ያን ጊዜ ሙሉውን 220 ይቀበላል። ደግሞም ከደከመ መስመር ላይ ብዙ አምፔር መሳብ ቮልቴጁን ይብስ ይጥለዋል፤ አንዱ ቤት የተቆረጠው ሽቦ የጎረቤትን ምጣድ ያቀዘቅዛል። መብራት ለደከመበት ቤት የሚሻለው ሸክላውን አስቀድሞ ረዘም ላለ ጊዜ ማጋልና በየመሐሉ አክንባሎውን ሳያቆዩ መክደን ነው።

አሁን ወደ መሳቡ። ሽቦው ከሱቅ ሲመጣ ዙሮቹ ተጣብቀው ነው። በሸክላው ጀርባ ያለውን ቦይ ከመሐል እስከ ጠርዝ በሲባጎ ተከትሎ ሲባጎውን ቀጥ አድርጎ መለካት ያስፈልጋል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከሚስማር ጋር አስሮ ሌላውን በፒንሳ ይዞ፣ ሳያቋርጡ ቀስ እያሉ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ሲለቀቅ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ከሲባጎው ጋር የሚተያየው ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ርዝመት ነው። ጀማሪ ግን ቦዩ ውስጥ እያስገባ በየስንዝሩ መሳብ ይቀናዋል። ያን ጊዜ አንዱ ጋ ዙሮቹ ይሳሳሉ፣ ሌላው ጋ ተጠጋግተው ይቀራሉ። የተጠጋጉት እርስ በርስ ይጋጋላሉ፤ ቅላታቸው ከሌላው ይደምቃል፤ ሲግሉ ለስልሰው ይበልጥ ይደራረባሉ፤ ሽቦውም አንድ ቀን እዚያው ላይ ይበጠሳል። እስኪበጠስ ድረስ ምልክቱ እንጀራው ላይ ይታያል፦ ሥሩ አንድ ቦታ ጠቁሮ፣ አጠገቡ ዓይን አልባ ሆኖ ይወጣል። ጋጋሪዋ አብሲቷን ትጠረጥራለች፤ ዱቄት ትለውጣለች፤ ያላጠፋችውን ስታርም ትከርማለች። ይህን ጉዳይ ያለመታከት የማነሳው ለእሷ ብዬ ነው። ጠርዙ ሙቀት ስለሚያባክን እዚያ ዙሮቹን ትንሽ ማጥበቅ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ሆኖም እኩል መሳብ ያልቻለ እጅ፣ አውቆ ማበላለጥ ከየት ይመጣለታል?

የተበጠሰን ሽቦ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ መቀጠልም ያው መቁረጥ ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጥል ሽቦው ያጥራል። ከዚያም ይከፋል። የጋለ ሽቦ ኦክሳይድ ለብሷል፤ ሳይፋቅ ከተጠመዘዘ መገናኛው በደንብ አይነካካም፤ ከሁሉ አብልጦ የሚግለውም እሱ ይሆናል። የሽቦው ዓይነትም ወሳኝ ነው። ኒኬልና ክሮም የተቀላቀለበት ኒክሮም ከጋለ በኋላም ይተጣጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1931 ስዊድን ውስጥ ገበያ የወጣው ካንታልና መሰሎቹ፣ ብረት፣ ክሮምና አሉሚኒየም ያለባቸው፣ የበለጠ ሙቀት ቢችሉም አንዴ በደንብ ከጋሉ በኋላ ሲቀዘቅዙ ይሰባበራሉ። ለመለየት ማግኔት ይበቃል፦ ካንታልን ይስባል፣ ኒክሮምን አይስብም። ማግኔት የሳበውን ያገለገለ ሽቦ ጠምዝዞ ለመቀጠል መሞከር ከንቱ ልፋት ነው።

ከቦዩ ተርፎ የሚወጣው ጫፍስ? እሱም አይጣልም። በእጥፉ ተመልሶ፣ ተገምዶ፣ ድርብ ሆኖ ከሞርሴቶው ጋር ይታሰራል። ድርቡ አምፔሩን ለሁለት ስለሚካፈል በዚያ ቦታ ሙቀቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ብሎኑ አይላላም፣ ከውጭ የሚመጣው የገመድ ፕላስቲክም አይቀልጥም።