«ዘ ቼይስ» የሚለካው እውቀትን ነው ወይስ ሰዓትን?

እናንተ የኮልፌ ቀራኒዮ ልጆች፣ በትምህርት ቤት ጥያቄና መልስ ውድድር የተሸነፈ ሁሉ «አያውቅም» ሲባል ሰምታችኋል አይደል?

እስቲ በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ አይቲቪ የጀመረውን «ዘ ቼይስ» እንየው። አራት ተራ ሰዎች ከአንድ የጠቅላላ እውቀት ባለሙያ ጋር ይፋጠጣሉ። በመጨረሻው ዙር ለሁለቱም ወገን 2 ደቂቃ ይሰጣል። አራቱም ለዚህ ዙር ከደረሱ ከ4 ይጀምራሉ፤ 16 ከመለሱ 20 ይሞላሉ። ባለሙያው እነሱን ለመያዝ 20 መመለስ አለበት፤ ለአንዱ 6 ሰከንድ፣ ያውም ጥያቄው የሚነበብበትን ጨምሮ! ሲሳሳት ሰዓቱ ይቆማል፤ መልሱን ካወቁት አንድ እርምጃ ወደኋላ ይገፉታል።

ጨዋታው አሪፍ ነው፤ ልብ የሚሰቅለውም ይኸው ስሌት ነው። ችግሩ ፍጥነቱን እንደ እውቀት ስንቆጥረው ነው። «ለምን?» የሚል ጥያቄ በ6 ሰከንድ አይመለስም። የራሳችሁን ውድድር ስታዘጋጁ፣ አንዱ ዙር ሰዓት የሌለው ይሁን።