ዝም ያለ ክላክስ፦ በቀድሞ ሼቭሮሌቶች ላይ ብልሽትን የመፈለግ ሙያ

ሼቭሮሌት እስከ 1963 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ መኪና ይገጣጥም ነበር፤ የዚያ ዘመን ሼቭሮሌቶች ዛሬም በአካባቢው ይነዳሉ፣ በተለይም ሎውራይደር የተባለው መጽሔት በ1977 በተመሠረተባት በሳን ሆሴ ወደ መሬት ዝቅ ተደርገውና በድርብርብ ቀለም ተውበው ይታያሉ። የእነዚህ መኪኖች ክላክስ ዝም ሲል ብዙ ባለቤቶች አዲስ ክላክስ ለመግዛት ይቸኩላሉ፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በክላክሱ ሳይሆን ኃይል በሚመጣበትና በሚመለስበት መንገድ ላይ ይገኛል።

ወደ ክላክሱ የሚሄደው ፍሰት በመሪው ቁልፍ በኩል አያልፍም። ቁልፉ የሚያደርገው የሪሌዩን ጥቅል ሽቦ ከማሳ፣ ማለትም የባትሪው ነጌቲቭ ጫፍ ከታሰረበት የመኪናው ብረት አካል ጋር ማገናኘት ነው፤ ሪሌይ የሚባለውም በትንሽ ፍሰት የሚሠራ ማግኔት ትልቁን ፍሰት እንዲያገናኝ የተሠራ መቀየሪያ ነው። ስለዚህ ቁልፉ ሲጫን ሪሌዩ «ቀጭ» ካለ ባለሙያው መሪውን መፍታት አያስፈልገውም፤ ፍለጋው በሪሌዩ መገናኛዎች፣ ከእነሱ ወደ ክላክሱ ባለው መሥመር፣ በክላክሱና በማሳው ላይ ይወሰናል። ሪሌዩ ዝም ካለ ግን ወይ ኃይል አልደረሰውም፣ ወይ የራሱ ጥቅል ሽቦ ተቃጥሏል፣ ወይ በመሪው ዘንግ በኩል የሚያልፈው ሽቦ ተቋርጧል።

ክላክሱ ራሱ ማሳ የሚያገኘው በሚታሰርበት ብረት ነው፤ በመሆኑም መኪናው እንደ አዲስ ሲቀባ፣ በብሎኑ ሥር የገባው ቀለም መንገዱን ይዘጋል፤ ውበቱ ሲጨምር ድምፁ ይጠፋል ማለት ነው። ከክላክሱ አካል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ ጫፍ አንድ ሽቦ ተይዞ ቁልፉ ሲጫን ክላክሱ ከጮኸ፣ የሚቀረው የማሰሪያውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ መፈተግ ነው። ቮልቴጅ የሚለካውም ቁልፉ ተጭኖ ሳለ ነው፤ ያለ ጭነት ሲለካ የዛገ መገናኛም ሙሉ ቮልቴጅ ሊያሳይ ይችላል። ሼቭሮሌት እስከ 1954 ሞዴል ድረስ ባለ 6 ቮልት ስለነበረ፣ በዝገት የሚባክን 1 ቮልት ከኃይሉ ስድስተኛውን ይወስዳል።

ክላክሱ ያለማቋረጥ ከጮኸ ከመሪው የሚመጣው ሽቦ ከሪሌዩ ይነቀላል፤ ድምፁ ከቆመ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት ነክቷል ወይም ቁልፉ ተጣብቋል፣ ካልቆመ ግን የሪሌዩ መገናኛዎች ተጣብቀዋል።

የሰለለ ድምፅን ለማስተካከል በክላክሱ ላይ ያለው ብሎን የሚነካው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው፤ ብሎኑ የሚርገበገበውን ስስ ብረት መገናኛ ስለሚያስተካክል፣ በጥቂቱ እየተዞረ ይሞከራል። የካሊፎርኒያ ሕግ ድምፁ ቢያንስ ከ200 ጫማ፣ ማለትም ከ60 ሜትር ያህል ርቀት፣ እንዲሰማ ያዛል።