የብረት እንክብል፦ ምግብ ወይስ መድኃኒት?

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሕግ ትምህርት የሚሰጥበት የዩኒቨርሲቲ ግቢና የየካቲት 12 ሆስፒታል ጎረቤታሞች ናቸው። የምግብ ማሟያ ጉዳይም የሁለቱ ሙያዎች የጋራ ጉዳይ ነው። የሕግ ባለሙያው ምርቱ ምግብ ነው ወይስ መድኃኒት ብሎ ሲጠይቅ፣ የጤና ባለሙያው ስንት ሚሊግራም ይዟል ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ጥያቄዎች ተነጣጥለው ሲታዩ የሚጎዳው ተጠቃሚው ነው።

የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት የኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ኮሚሽን፣ የቫይታሚንና የማዕድን ማሟያዎችን የሚመለከተውን መመሪያ ያጸደቀው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። በወቅቱ በአውሮፓና በአሜሪካ መመሪያው ቫይታሚን የመግዛት መብትን ይነጥቃል የሚል ሥጋት ተሰራጭቶ ነበር። ሥጋቱ የተጋነነ ነበር። መመሪያው በራሱ አስገዳጅ አይደለም፤ የሚያገለግለውም ማሟያዎችን እንደ ምግብ በሚቆጥሩ አገሮች ብቻ ነው። ተጽዕኖው የሚመጣው በንግድ በኩል ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የምግብ ደኅንነት ስምምነት ኮዴክስን መለኪያ ስላደረገ፣ ከዚያ የጠበቀ ሕግ የሚያወጣ አባል አገር ምክንያቱን በሳይንስ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ኢትዮጵያም ድርጅቱን ለመቀላቀል ያመለከተችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው።

የመመሪያው ጠንካራ ጎን ከፍተኛው መጠን በአደጋ ግምገማ እንዲወሰን፣ መለያ ጽሑፉም ማሟያው የተመጣጠነ ምግብን እንደማይተካና ከሕፃናት እጅ መራቅ እንዳለበት እንዲገልጽ ማዘዙ ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ ቁጥሩን ባዶ መተዉ ነው። አገሮች ሕዝባቸው ከሌላ ምግብ የሚያገኘውን መጠን አስልተው ወሰኑን እንዲያወጡ ይጠይቃል፤ ይህን ማስላት የማይችል አገር የሌላውን ቁጥር ይዋሳል። የተዋሰው ቁጥር ግን የሌላውን ሕዝብ ማዕድ የሚያሳይ ነው። ጤፍን ብንወስድ፣ የሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የሚገባ ሲሆን በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴትም ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያውካል።

የብረት ምሳሌ ችግሩን በግልጽ ያሳያል። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2001 እ.ኤ.አ. ለአዋቂዎች ያወጣው ከፍተኛ ወሰን በቀን 45 ሚሊግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለነፍሰ ጡሮች የሚመክረው ደግሞ ከ30 እስከ 60 ሚሊግራም ነው። ቁጥሮቹ አይጋጩም፤ የመጀመሪያው በሕክምና ክትትል ሥር ያለችን ሴት አይመለከትም። ሕጉ ይህን ካልለየ ግን ለአንዷ ፈውስ የሆነው ለሌላዋ ትርፍ ይሆናል።

አገር የራሷን ወሰን ማውጣት እንደምትችል የጨው ጉዳይ ያስረዳል። የኮዴክስ የጨው ደረጃ የአዮዲኑን መጠን ለአገሮች የጤና ባለሥልጣናት የተወ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በደንብ ቁጥር 204/2003 ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ ደንግጋለች። ምግብንና መድኃኒትን በአንድ ባለሥልጣን ሥር ያደረጉት አዋጅ ቁጥር 661/2002ና እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ለዚህ ሥራ ምቹ መሠረት ናቸው። የቀረው በመሠረቱ ላይ የአገሩን ማዕድ የሚያውቅ መረጃ ማኖር ነው።

እስከዚያው ድረስ የመጨረሻው ተቆጣጣሪ የጤና ባለሙያው ነው። በእርግዝና ክትትል ላይ ከጤና ተቋም ከተሰጠው እንክብል ሌላ ከመደብር የተገዛ ማሟያ እንዳለ መጠየቅ፣ ብረቱን መደመር፣ በተለይም በሬቲኖል መልክ ያለውን ቫይታሚን ኤ መመልከት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። መጠኑ ሲበዛ ጽንስን እንደሚጎዳ የታወቀ ነውና፣ ያ ጥያቄ ሕጉ ያልደረሰበትን ክፍተት ይሞላል።