ፔፐሩን አነበብነው ወይስ ስላይዱን አየነው?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፔፐር ንባብ ቡድን ማቋቋም ቀላል ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት፤ በቃ። ከባዱ ቡድኑን የእውነት የሚያነብ ማድረጉ ነው። እኔ መነሻዬ ምህንድስና የሆነ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ ኮምፒውተር የሰውን ቋንቋ እንዴት እንደሚያቀነባብር የሚያጠኑ ፔፐሮችን የሚያነብ ቡድን ከሚያስተባብሩት አንዱም ነኝ። የዛሬው ትችቴ በዚሁ ሥራ ላይ ነው፦ የተለመደው አነባበብ ፔፐሩ ምን እንዳለ ይነግረናል፤ ያለው ነገር ለእኛ ቋንቋ ይሠራ እንደሆነ ግን አያሳየንም።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ከሆነ አካሄዱ አይጠፋችሁም። ተረኛው 30 ስላይድ ይዞ ይመጣል። አብስትራክቱን ያነባል፣ የሞዴሉን ሥዕል ያሳያል፣ ከዚያ የውጤቱ ሠንጠረዥ ላይ ይደርሳል። ደመቅ ተደርጎ የተጻፈው ቁጥር ከሌሎቹ ይበልጣል። “ጥያቄ አለ?” ይላል። ዝም። ከሁለት ሰው በስተቀር ፔፐሩን ከፍቶ የመጣ ስለሌለ የሚነሳው ጥያቄም ስላይዱ ላይ ካለው አያልፍም። ይህን ንባብ ማለት ይከብዳል፤ ገለጻ ማዳመጥ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ተብለው የሚጠቀሱ ሁለት መመሪያዎች አሉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) አንደኛው ኤስ. ኬሻቭ በካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ በ2007 ያሳተሙት አጭር ጽሑፍ ነው። አንድን ፔፐር በሦስት ዙር አንብቡ ይላሉ። በመጀመሪያው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ርዕሱን፣ መግቢያውንና መደምደሚያውን ታያላችሁ። በሁለተኛው እስከ አንድ ሰዓት ዋናውን ሐሳብና ሥዕሎቹን ትይዛላችሁ። በሦስተኛው ሥራውን ራሳችሁ እንደምትሠሩት አድርጋችሁ በሐሳባችሁ እንደገና ትገነቡታላችሁ፤ ይህ ለጀማሪ 4 ወይም 5 ሰዓት ይፈጃል።

ሁለተኛው አሌክ ጃኮብሰንና ኮሊን ራፌል የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን በ2021 ያስተዋወቁት ነው። እነሱ ሸክሙን በአንድ አቅራቢ ላይ ከመጣል ይልቅ ሚና ያከፋፍላሉ። አንዱ እንደ ገምጋሚ ይተቻል፤ አንዱ እንደ አርኪዮሎጂስት ፔፐሩ ከየትኛው ቀዳሚ ሥራ እንደመጣ ይቆፍራል፤ አንዱ ኮድ ጽፎ በትንሹ ይሞክረዋል፤ ሌላው በኅብረተሰቡ ላይ የሚያመጣውን ይመዝናል።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። በተለይ ሚና የተሰጠው ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ነገር ግን ሁለቱም ለቋንቋ ጥናት ተብለው የተዘጋጁ ስላልሆኑ የዘርፉን የራሱን ችግር አይነኩም። በእንግሊዝኛ የሠራ ዘዴ በአማርኛ፣ በትግርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞም ይሠራል ማለት አይደለም።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ጉግል በ2018 በርት የተባለውን ሞዴል አወጣ፤ ለ104 ቋንቋዎች የተዘጋጀ እትምም ተከተለው። ቋንቋዎቹ የተመረጡት ውክፔዲያ ላይ ባላቸው የጽሑፍ ብዛት ነው፤ አማርኛ አልገባበትም። የሞዴሉ የቃላት ዝርዝር ወደ 120 ሺህ መስመር አለው፤ የግዕዝ ፊደል ግን የለበትም። “ሰላም” ብላችሁ ብትሰጡት “የማይታወቅ” የሚል አንድ ምልክት ያደርገዋል። “ጦርነት” ብትሉትም ያው ምልክት ነው። ለሞዴሉ በሁለቱ መካከል ምንም ልዩነት የለም። ማሳካነር የተባለው የ2021 ጥናት በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች ከዜና ጽሑፍ ውስጥ የሰውና የቦታ ስሞችን መለየትን ሲፈትን፣ ይህ ሞዴል በአማርኛ ያገኘው ነጥብ 0 ነበር።

በርትን በስላይድ ብቻ ያየ ቡድን ይህን ሳያውቅ ይበተናል። አንድ ሰው የቃላት ዝርዝሩን ፋይል አውርዶ “ሰ”ን ቢፈልግበት ግን በሁለት ደቂቃ ይደርስበታል። ፋይሉ 1 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ውድ ኮምፒውተርም አይጠይቅም።

ምህንድስና የተማራችሁ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። በባሕር ወለል ከፍታ ተፈትኖ አቅሙ የተጻፈለት ጄኔሬተር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ጉልበት አይሰጥም፤ አየሩ ስስ ነዋ። ስለዚህ ማንም ጤነኛ መሐንዲስ የአምራቹን ወረቀት ብቻ አምኖ ሆስፒታል ላይ አይተክለውም። የፔፐር ሠንጠረዥም እንደዚያው የአምራች ወረቀት ነው። የተፈተነበት ቦታ ሌላ፣ እኛ የምንተክልበት ሌላ።

መለኪያው ራሱም መፈተሽ አለበት። የትርጉም ፔፐሮች ላይ በብዛት የምታገኙት ብሉ የተባለው ነጥብ የአይቢኤም ተመራማሪዎች በ2002 ያቀረቡት ነው። የማሽኑን ትርጉም ከሰው ትርጉም ጋር አስተያይቶ ስንት ቃልና ስንት ተከታታይ ቃላት እንደተመሳሰሉ ይቆጥራል። እንግዲህ የሰው ትርጉም “እህቴ ትናንት ከጎንደር አልመጣችም” ነው እንበል። አንዱ ማሽን “እህቴ ትናንት ከጎንደር መጣች” አለ። ሌላው “እኅቴ ትላንት ከጐንደር አልመጣችም” አለ። ቃል በቃል ስንቆጥር የመጀመሪያው ከ4 ቃል 3 ይመታል፤ ሁለተኛው 1 ብቻ። ግን መልእክቱን በትክክል ያደረሰው ሁለተኛው ነው! የመጀመሪያው ነገሩን ገልብጦታል።

ለምን ቢባል፣ በአማርኛ አሉታው ግሱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር አንድ ቃል ሲሳት ሙሉው ሐሳብ ይገለበጣል። በዚያ ላይ እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያሉ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች ትክክለኛውን ጽሑፍ ስሕተት ያስመስሉታል። እርግጥ ብሉ የተሠራው በብዙ ዓረፍተ ነገር ድምር እንዲለካ ነው፤ በአንድ ምሳሌ አይፈረድበትም። ሆኖም እንዲህ ያለው መዛባት በድምሩ ውስጥም ይገባል። ሠንጠረዡን አይቶ ያጨበጨበ ሰው ደግሞ ይህን አያይም።

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልሳን ምሁር ኤሚሊ ቤንደር፣ ተመራማሪ ሁሉ የሠራበትን ቋንቋ፣ እንግሊዝኛም ቢሆን፣ በስሙ እንዲጠራ ሲወተውቱ ኖረዋል። በ2022 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ደግሞ ከድረ ገጽ የተለቀሙ የተለያዩ ቋንቋዎች 205 የጽሑፍ ስብስቦችን በሰው ዓይን አስመርምሮ፣ ቢያንስ በ15ቱ ውስጥ አንድም የሚረባ ጽሑፍ አላገኘም። ይህን ያወቁት ናሙና ከፍተው አንብበው ነው። የንባብ ቡድን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥ የሦስትና የአራት ቋንቋ ተናጋሪ ይገኛልና።

ስለዚህ በሚናዎቹ ላይ አንድ ይጨመር እላለሁ፤ “ቀማሽ” እንበለው። ቀማሹ ፔፐሩ ከመከፈቱ በፊት በራሱ ቋንቋ 10 ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። አስቀድሞ መጻፉ ወሳኝ ነው፤ ውጤቱን አይቶ የጻፈ ሰው የሚያልፈውን ወይም የሚወድቀውን መምረጡ አይቀርም። ከዚያ ሞዴሉ በነፃ የሚገኝ ከሆነ ዓረፍተ ነገሮቹን ይሰጠዋል። ካልተገኘ ቃላቱ እንዴት እንደሚቆራረጡ ብቻ ያያል። ያም ካልተቻለ የፔፐሩን መለኪያ ከላይ እንዳደረግነው በወረቀት ያሰላል። ሰብሰባው የሚጀመረው ከቀማሹ 10 ደቂቃ ነው፤ ስላይዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

“ጊዜ የለንም” የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ፔፐሮቹን ቀንሱ። በወር አራት አይቶ ከመርሳት ሁለት ፈትኖ መያዝ ይሻላል። ውይይቱም ሁሉም በሚግባባበት ቋንቋ ይሁን። እንግሊዝኛ ግዴታ ሲሆን ዝም የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ቋንቋው የሚናገረው ያለው ሰው ነው።

ነገሩን እዚህ ድረስ የማከርረው እዚያ ክፍል የሚቀመጡት የመጪው ዓመት ፕሮፖዛል ጸሐፊዎች ስለሆኑ ነው። ሳይፈትሹ የተቀበሉትን ዘዴና መለኪያ መመረቂያ ጽሑፋቸው ላይ ይገለብጡታል። ሠንጠረዡ ያምራል፤ ይመረቃሉ። ነገ ያ ሥርዓት የጤና መልእክት ሲተረጉም “መድኃኒቱን አትውሰጂ” የሚለውን “መድኃኒቱን ውሰጂ” ቢለውስ? ነጥቡ ብዙም አይቀንስም፤ የስሕተቱን ዋጋ የምትከፍለው ግን መልእክቱን ያነበበችው ሴት ናት።

ለሚቀጥለው ሳምንት ፔፐር ቀማሽ ዛሬውኑ ምረጡ። የተጻፉትን ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ አትጣሉ። በ30 ሳምንት 300 ይሆናሉ፤ ያኔ ቡድናችሁ የሰው ሠንጠረዥ ከማድነቅ አልፎ የራሱ መፈተኛ ይኖረዋል።