አውራጁ ከዛንዚባር፣ ረሃቡ ከወሎ

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985) አመሻሽ ላይ፣ በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም በተሰበሰበ 72,000 ያህል ሕዝብ ፊት፣ ነጭ ካናቴራ የለበሰና ጢሙ ጎላ ያለ ሰው መድረክ ላይ ወጣ። መጀመሪያ ፒያኖው ዘንድ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ ተነሥቶ መቆሚያ እግር የሌላትን ግማሽ የማይክሮፎን ዘንግ አንዴ እንደ ጊታር፣ አንዴ እንደ ከዘራ እያገላበጠ ስታዲየሙን ከዳር እስከ ዳር ያዘው። ሃያ ደቂቃ ከጥቂት ቆይቶ ሲወርድ፣ የዕለቱ መድረክ ባለቤቶች ኩዊን የተባለው ቡድንና መሪ ድምፃዊው ፍሬዲ ሜርኩሪ መሆናቸውን የሙያ ባልደረቦቻቸው ሳይቀሩ መሰከሩ። በ2005 እንግሊዝ ውስጥ ከሙዚቀኞችና ከባለሙያዎች በተሰበሰበ ድምፅም ያ ዝግጅት በሮክ ታሪክ ከታዩት የመድረክ ሥራዎች ሁሉ አንደኛ ሆኖ ተመረጠ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ካልተገለጸ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዝግጅቱ ላይቭ ኤይድ ይባል ነበር፤ የተሰናዳውም በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለተራበው የኢትዮጵያ ሕዝብ ነው። ስለ ፍሬዲ ሜርኩሪ በሚጻፉ መጻሕፍትና ጽሑፎች ይህ ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሐረግ ተነክቶ ይታለፋል። በአፍሪካ ቀንድ ለሚኖር አንባቢ ግን ነገሩ ከሐረግ ይሰፋል። ዘፋኙ ራሱ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ነበር። ለኮንሰርቱ መነሻ የሆነውን የረሃብ ፊልም የቀረጸው ሰውም እንዲሁ። ሁለቱም የዘር ሐረጋቸው ከሕንድ ክፍለ አህጉር የሚመዘዝ፣ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር የተወለዱ ልጆች ነበሩ።

ፍሬዲ ሜርኩሪ ወላጆቹ ባወጡለት ስም ፋሮክ ቡልሳራ ነው። የተወለደው በሴፕቴምበር 5 ቀን 1946 በቅርንፉዷ ደሴት በዛንዚባር፣ ስቶን ታውን በሚባለው የድንጋይ ከተማ ውስጥ ነው። አባቱ ቦሚ ቡልሳራ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆነው ለቅኝ ገዥው መንግሥት ያገለግሉ ነበር። ቤተሰቡ ፓርሲ ነው፤ ይኸውም በጥንት ዘመን ከፋርስ ወደ ሕንድ ከተሰደዱትና የዞሮአስተርን እምነት ከሚከተሉት ወገኖች። ልጁ በስምንት ዓመቱ በመርከብ ተጭኖ ከቦምቤይ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ፓንችጋኒ አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ፒያኖ የተማረው፣ ፍሬዲ የሚለውን ስም ያገኘውና ከጓደኞቹ ጋር የመጀመሪያውን ባንድ ያቋቋመው እዚያ ነው። በ1963 ወደ ደሴቲቱ ተመለሰ። በጃንዋሪ 1964 በፈነዳው አብዮት የሱልጣኑ መንግሥት ተገርስሶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ በተለይም ዐረቦችና እስያውያን፣ ሲገደሉ ቤተሰቡ ሻንጣውን ጠቅልሎ ወደ ለንደን ዳርቻ ሸሸ። ልጁ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር።

ስለዚህ ሁሉ ዝነኛው ሜርኩሪ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር፤ ብዙውን ጊዜም ነገሩን በቀልድ አስቀይሶ ወደ ሌላ ያልፋል። ለዝምታው የአድናቂዎቹ ማብራሪያ በጊዜው የነበረው የእንግሊዝ ዘረኝነት ሲሆን፣ የነቃፊዎቹ ደግሞ በትውልዱ ማፈሩ ነው። በሥራዎቹ ውስጥ ግን ዝምታው ሙሉ አይደለም። በ1975 የወጣው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ስድስት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ፣ በዝግታ ተጀምሮ በኦፔራ አልፎ በከባድ ሮክ የሚፈነዳ፣ ለሬዲዮ ይረዝማል ተብሎ ተፈርቶለት በእንግሊዝ ለ9 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ የቆየ ዘፈን ነው። በመካከሉ የዛንዚባር ልጅ በየቀኑ በየበሩ የሚሰማት፣ የፈጣሪን ስም የምትጠራ አንዲት የዐረብኛ ቃል ደጋግማ ትመጣለች። በ1978 የወጣው «ሙስጠፋ» ደግሞ በሙአዚን ጥሪ ቅላጼ ይጀምርና ዐረብኛን ከራሱ ከሜርኩሪ የፈጠራ ቃላት ጋር ይቀላቅላል። የትውልድ ከተማውን በቃለ መጠይቅ የሸሸው ሰው በዜማ ሲመለስባት ማንም ልብ አላለውም።

ለንደን ውስጥ በኢሊንግ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ግራፊክስ ተማረ፤ የኩዊንን ዓርማ የነደፈውም እሱ ነው። በኬንሲንግተን ገበያ ከከበሮ መቺው ከሮጀር ቴይለር ጋር ልባሽ ጨርቅ ሸጠ። በ1970 ከቴይለርና ከጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ጋር ቡድኑን መሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመት ቤዝ ተጫዋቹ ጆን ዲከን ተቀላቀለ። የመጀመሪያው አልበም በ1973 ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለው የስኬት ዝርዝር ብዙ ቦታ ስለተጻፈ እዚህ መድገም አያሻም። የአልበሞቹ ጥራት እኩል አለመሆኑን መናገር ግን ተገቢ ነው። በ1982 የወጣው የዳንስ ሙዚቃ ሙከራቸው ቀዝቃዛ ነበር። ሜርኩሪ በ1985 ለብቻው ያወጣው አልበምም፣ ከሦስቱ ጓደኞቹ ሲነጠል የዜማ ሀብቱ ሳይጎድል የሚገራው ሰው እንደሚያጣ ያሳያል።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር። ሲናገር ባሪቶን፣ ሲዘፍን ቴኖር ነበር፤ በ2016 የአውሮፓ ተመራማሪዎች ቅጂዎቹን መርምረው ይህንኑ አረጋግጠዋል፤ የድምፁ እርግብግቢትም ከተለመደው የፈጠነ ሆኖ አግኝተውታል። በአፉ የነበሩትን አራት ትርፍ ጥርሶች ድምፄን ይለውጡብኛል በሚል ስጋት ሳያስነቅል ኖሯል። ይሁን እንጂ ከድምፅ የሚልቀው ችሎታው ሌላ ነው።

በአማርኛ ዘፈን አውራጅና ተቀባይ አሉ። አውራጁ ያወርዳል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ያለ ተቀባይ አውራጁ ጎዶሎ ነው። የሮክ መድረክ ለረጅም ጊዜ ይህን ሥርዓት አያውቀውም ነበር፤ ታዳሚው የሚሰማ፣ የሚጮህ፣ ከዚያም የሚሄድ ነው። በ1977 በአንድ የእንግሊዝ ከተማ ኩዊን ዝግጅቱን ጨርሶ ከወረደ በኋላ ታዳሚው አልበተን ብሎ የኳስ ሜዳ መዝሙር አነሣ። በዚህ የተደነቁት ሜይና ሜርኩሪ እያንዳንዳቸው ሕዝብ የሚዘፍነው አንድ አንድ ዘፈን ጻፉ። የሜይ ዘፈን ሁለት ጊዜ በእግር መሬት መደብደብና አንዴ ማጨብጨብ ነው፤ መሣሪያ ሳይኖረው ማንም ይጫወተዋል። የሜርኩሪ ደግሞ ዛሬ ዋንጫ በተነሣበት ስታዲየም ሁሉ የሚሰማው የአሸናፊዎች መዝሙር ነው። ሁለቱ ዘፈኖች ታዳሚውን የቡድኑ አምስተኛ አባል አደረጉት።

በዌምብሌይ ይህ ጥበብ ጫፍ ደረሰ። ሜርኩሪ በሁለት ዘፈኖች መካከል ባንዱን ዝም አሰኝቶ፣ ቃል የሌለው የድምፅ ሐረግ ወደ ሕዝቡ ወረወረ፤ ሕዝቡ መለሰ። አስረዝሞ ወረወረ፤ መለሰ። አጣምሞ ወረወረ፤ ሰባ ሁለቱ ሺህ ያንኑ ጠመዝማዛ ይዞ መለሰ። ያን ፊልም አይቶ የሠርግ ቤት ጭፈራ ትዝ የማይለው ኢትዮጵያዊ ይኖራል ማለት ያስቸግራል። ልዩነቱም እዚያው ነው። በአዝማሪ ቤት ግጥሙን የሚሰጠው ታዳሚው ነው፤ «ተቀበል!» የሚባለው አዝማሪው ነው። ዌምብሌይ ላይ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሕዝቡ ማሚቶ ነው። ሜርኩሪ ግን ሥልጣኑን እንደ ጨዋታ ስለያዘው፣ እንደ አዛዥ ሳይሆን ልጆች እንደሚያጫውት አጎት ስለቆመ፣ የታዘዘው ሕዝብ መታዘዙን አላወቀም። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ብዙ የሮክ ድምፃውያን ይህን ሊኮርጁ ሞክረው ትእዛዙን ብቻ ወስደዋል።

ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ ይከብዳል። ላይቭ ኤይድ ከመድረሱ ዘጠኝ ወር አስቀድሞ፣ በኦክቶበር 1984፣ ኩዊን በደቡብ አፍሪካ ሰን ሲቲ ይጫወት ነበር። ሰን ሲቲ የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮችን ከዜግነት ለመንቀል በፈጠራትና ከራሱ በስተቀር ዓለም ባላወቃት በቦፉታትስዋና የተተከለ የቁማርና የመዝናኛ ከተማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የባህል ማዕቀብ እንዲከበር ሲወተውት፣ የእንግሊዝ የሙዚቀኞች ማኅበርም አባላቱን ከልክሎ ነበር። ቡድኑ ታዳሚው በዘር አልተከፈለም፣ እኛ ፖለቲከኞች አይደለንም ሲል ተከራከረ፤ ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ትምህርት ቤትም ገንዘብ ሰጠ። ማኅበሩ ግን ቀጣው፤ ስሙም በተባበሩት መንግሥታት ጥቁር መዝገብ ሰፈረ። የሜርኩሪ ድምፅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተዘግቶበት የተወሰኑት ዝግጅቶች ተሰርዘው ነበር። ከዛንዚባር የፈለሰ፣ በእንግሊዝ ጎዳናም ቆዳው ምን እንደሚያስከትልበት የሚያውቅ ሰው እዚያ መድረክ ላይ መውጣቱን «ፖለቲከኛ አይደለንም» የሚለው መልስ አይሸፍነውም።

በዚያው ወር፣ በኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ የቢቢሲ ቴሌቪዥን የማይክል በርክን የኮረም ዘገባ አሳየ። ካሜራውን የያዘው ናይሮቢ የተወለደው መሐመድ አሚን ነበር። በዚያን ጊዜ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ በነበረችው ኮረም፣ ማለዳ በጭጋግ ውስጥ የተኛውን ሕዝብ፣ ሬሳ የሚገንዙትን እናቶች የቀረጸው እሱ ነው። አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ያንን ዘገባ አይቶ ነው በመጀመሪያ የእርዳታ ዘፈኑን፣ ቀጥሎ ላይቭ ኤይድን ያሰናዳው። ኩዊን በዘፈኑ ቅጂ ላይ አልነበረም። አሚን በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ በፈነዳ የጥይት ማከማቻ ግራ ክንዱን አጣ፤ በ1996 ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወቱ አለፈ። ስለ እሱ የሆሊውድ ፊልም አልተሠራም።

ስለ ሜርኩሪ ግን ተሠርቷል። በ2018 የወጣውና አራት ኦስካር የወሰደው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ፊልም መደምደሚያው ዌምብሌይ ነው። ተዋናዩ ራሚ ማሌክ የሜርኩሪን እያንዳንዱን እርምጃ አጥንቶ አቅርቧል፤ ሽልማቱም ይገባዋል። የፊልሙ ድርሰት ግን እውነትን በሦስት ቦታ ያጣምማል። ሜርኩሪ የኤድስ ሕመሙን ከዌምብሌይ በፊት ለጓደኞቹ ሲነግር ያሳያል፤ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ግን ሕመሙን ያወቀው በ1987 ነው። ቡድኑ ተበትኖ ለዚያ ቀን ብቻ የተሰባሰበ ያስመስላል፤ ከሁለት ወር በፊት ጃፓን ውስጥ አብረው ሲጫወቱ ነበር። ሦስተኛው ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይብሳል። በፊልሙ የእርዳታ ስልኮቹ መንጫጫት የሚጀምሩት ኩዊን ሲዘፍን ነው። በዕለቱ ሰጪውን ይበልጥ ያነቃነቀው ግን ከኩዊን ቀጥሎ የወጣው ዴቪድ ቦዊ አንድ ዘፈኑን ሠውቶ በቦታው እንዲታይ ያደረገው፣ የካናዳ ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ የቀረጸው የሕፃናት ምስል እንደነበር ይታወቃል። ስለ ሰን ሲቲ ፊልሙ ትንፍሽ አይልም። እንዲህ ሆኖ የተራበው ሕዝብ፣ አንድ ነጠላ ጀግና ራሱን የሚያገኝበት የጀርባ መጋረጃ ሆነ።

በዚያ ቀን ዌምብሌይ ላይ አንድም ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነት ጓድ፣ በረሃቡ ዘመን ለደረሰው እጅ ምስጋና ለማድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲዞር ዘፈኑን የሰሙት አዳራሽ የያዛቸው ብቻ ነበሩ። ይህ የሜርኩሪ ጥፋት አይደለም። እሱ በተሰጠው ሃያ ደቂቃ የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ ለዚያ ቀን ዘፈኖቻቸውን አሳጥረው፣ ትያትር ቤት ተከራይተው ሲለማመዱ ሰንብተዋል። ሌሎቹ ቡድኖች አዲስ ሥራ ለማስተዋወቅ ሲሞክሩ እነሱ ሕዝቡ የሚያውቀውን ብቻ ይዘው መጡ።

የመጨረሻ ዓመታቱ ሥራ ከፊተኛው ይልቅ የጠራ ነው። ከስፔናዊቷ የኦፔራ ድምፃዊት ከሞንሴራት ካባዬ ጋር የሠራው «ባርሴሎና» በ1987 ወጣ። ከኩዊን ጋር ለመጨረሻ ጊዜ በመድረክ የታየው በኦገስት 1986 በኔብወርዝ ነው። ሰውነቱ እየከሳ፣ ጋዜጦች በሩ ላይ እያደሩ፣ ስቱዲዮ ገብቶ እስከቻለ ድረስ ቀዳ። ኤድስ እንደያዘው በኖቬምበር 23 ቀን 1991 በመግለጫ አስታወቀ፤ በማግስቱ በ45 ዓመቱ ዐረፈ። በጣም ዘግይቶ ተናገረ ብለው የወቀሱት ነበሩ። በዚያን ዘመን በሽታው በምሥራቅ አፍሪካም በሹክሹክታ ብቻ ይነሣ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ወቀሳውን መድገም ቀላል አይሆንም። በስሙ የተቋቋመው ድርጅት ከ1992 ጀምሮ በልዩ ልዩ አገሮች ኤድስን ለመከላከል ገንዘብ ሲያወጣ ቆይቷል።

የዛንዚባር ስሜት እስካሁን አንድ ልብ አልሆነም። በ2006 ስድሳኛ ልደቱን በባሕር ዳርቻ ለማክበር የተያዘው ዕቅድ፣ ከወንዶች ጋር የነበረውን የፍቅር ሕይወት የጠቀሱ የሃይማኖት ሰዎች ስለተቃወሙት ቀረ። በ2019 ግን ስቶን ታውን ውስጥ በስሙ ሙዚየም ተከፈተ፤ ጎብኚ ይጎርፍለታል። በ2023 የለንደን ቤቱ ዕቃ በሐራጅ ሲሸጥ ፒያኖው ብቻ 1.7 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ።

የቀብሩ ሥርዓት የተፈጸመው በወላጆቹ እምነት ነበር፤ የዞሮአስተር ካህናት በጥንታዊ ቋንቋቸው ጸሎት አደረሱ። ለንደን ለሐውልቱ ቦታ ስላልሰጠች ሐውልቱ በ1996 በስዊዘርላንድ ሞንትሬ ሐይቅ ዳር ቆመ። አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱን የወሰደችው የረጅም ጊዜ ወዳጁ ሜሪ ኦስቲን ናት፤ የት እንዳኖረችው ለማንም አልተናገረችም።