መጀመሪያ ሚዛኑ

አብነት አካባቢ ወደ ቲቢ ክፍላችን የሚመጣው ሰው አብዛኛው የመርካቶ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሸክም ያወርዳል፣ ጋሪ ይገፋል፣ ሌሊት ከብዙዎች ጋር በአንድ ክፍል ያድራል። ካልሠራ አይበላም። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው እንደሆነ ከመዝገቡ በፊት ሚዛን ላይ አቆመዋለሁ። መድኃኒቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ አካሉ ካለቀ ሰው ጋር ብቻውን ብዙ አይራመድም።

የዚህ ቲቢ ሕክምና በአገራችን በ2001 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ተጀመረ፤ ጎንደር ተከተለ። በሁለቱ ሆስፒታሎች ስለታከሙ 612 ሰዎች የወጣውን ጥናት ደጋግሜ አነባለሁ። ከቁመታቸው አንጻር የክብደታቸው መካከለኛ ልኬት 16.6 ነበር፤ ጤነኛ የሚባለው ከ18.5 ይጀምራል። ከአምስቱ አንዱ ኤችአይቪም ነበረበት። እንዲህ ሆነውም፣ ሕክምናቸው ካበቃላቸው መካከል 78.6 በመቶዎቹ ተሳክቶላቸዋል። ምግብና ማኅበራዊ ድጋፍ እዚያ የሕክምናው አካል ነበር፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ያኔ የሕክምናው መርፌ ወራት ይፈጅ ነበር፤ የብዙዎችን ጆሮም ጎድቷል። ዛሬ ለብዙው ታካሚ በክኒን ብቻ በ6 ወር የሚያልቅ ሕክምና አለ። ክኒኑም ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ቤዳኩሊን የልብ ምት ክትትል ይፈልጋል፣ ሊኔዞሊድ ደም ያሳንሳል፣ የእግር ነርቭ ይጎዳል። ስለዚህ በመጣ ቁጥር የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጬ መንጣቱን አያለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄው ነው። «እንዴት ሰነበቱ ጋሼ?» ስል መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲስተር» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው፤ እያመመውም ቢሆን። አሁን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «ሌሊት እግርዎን ከብርድ ልብሱ ውጭ ያወጡታል?» «አዎ፣ ያቃጥለኛል» ይላል። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሊኔዞሊዱን መጠን ያየዋል። ሳይጠየቅ የቀረ ሕመም በሽተኛውን ከመድኃኒቱ ያፋታዋል፤ ያቋረጠ ደግሞ የሚመለሰው ከስቶ ነው፣ ከተመለሰ።

ስኳርና ኤችአይቪ ሳይመረመሩ አይታለፉም። ኤችአይቪ ያለበት ሰው የኤችአይቪውን መድኃኒት ሲያዘገይ የመዳን ዕድሉ ይጠባል።

ኢትዮጵያ ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከጸናባቸው 30 አገሮች ዝርዝር ወጥታለች፤ ደስ ይለኛል። መርካቶ ግን አሁንም ይስላል። ተሸካሚ የምታሠሩ ነጋዴዎች፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ስታዩ ሰውየውን ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት፤ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። ሕክምናውን እስኪጨርስ ቀለል ያለ ሥራ ስጡት፣ ምሳውንም አታስቀሩበት።