የሥራ ተራ በማዋቀሪያ ፋይል ወይስ ዓይነቱ በታወቀ ኮድ? ከወለጋ ከተሞች አንጻር የቀረበ ትችት

ብዙ ሰዎች በኅብረት የሚጽፉት ፕሮግራም አዲስ ክፍል በተጨመረበት ቁጥር በሩቅ ኮምፒዩተር እንዲገነባና እንዲፈተን የሚደረግበት አሠራር ኮንቲኒውየስ ኢንተግሬሽን ይባላል። የሥራው ተራ፣ ማለት ፓይፕላይኑ፣ በብዙ ቦታ የሚጻፈው ያምል በሚባል የማዋቀሪያ ፋይል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሁሉ የተከፈተው ጊትሀብ አክሽንስም የሚቀበለው ይህንኑ ነው። በአንጻሩ ተራው እንደ ታይፕስክሪፕትና እንደ ጎ ባሉ፣ የእያንዳንዱ ዋጋ ዓይነት በሚታወቅባቸው ቋንቋዎች ይጻፍ የሚሉ አሉ፤ ዳገር የተባለውም መሣሪያ በ2022 ይህን መንገድ ከፍቷል። አሳቡ በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች ለሚሠራ ሰው ምን ይጠቅማል? የምንመረምረው ይህን ነው።

በመጀመሪያ ክሱ እውነት መሆኑን እንቀበላለን። ያምል የዋጋውን ዓይነት ከመልኩ ይገምታል። የፓይተን እትም 3.10 ያለ ትእምርተ ጥቅስ ቢጻፍ እንደ ቁጥር ተቈጥሮ 3.1 ይሆናል፤ በ1.1 ደንብ የሚሠሩ አንባቢዎችም 010 የተባለውን የወረዳ ቁጥር 8 ያደርጉታል። ይህ ችግር ለነቀምቴ ሰው እንግዳ አይደለም። የግዕዝ ፊደል በተለመደው አጻጻፍ የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ «አለ» ሲጠብቅ መኖርን፣ ሲላላ መናገርን ያመለክታል፤ ሰው ግን ከንባቡ ይለየዋል። በ1991 ለኦሮምኛ የተመረጠው ቁቤ መጥበቁን ፊደሉን ደግሞ ይጽፈዋል፤ ቃሉ ይረዝማል፣ ጥርጥሩ ይቀራል። ኮምፒዩተር እንደ ሰው ከንባቡ ለመለየት ስለማይችል ዓይነቱ ቢጻፍለት ይሻላል።

ለወለጋ ግን ከዚህ የሚበልጠው ነገር ስሕተቱ የሚገኝበት ቦታ ነው። የያምል ጸሐፊ በተለምዶ ፋይሉን ይልካል፣ መልስ ይጠብቃል፣ አርሞ እንደ ገና ይልካል። በ2020 መጀመሪያ በምዕራብ ኦሮሚያ፣ በወለጋ ዞኖችም ጭምር፣ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ይህ መመላለስ ሥራውን ጨርሶ ያቆመዋል። ዓይነቱ የታወቀ ኮድ ሲሆን ግን ኮምፓይለሩ ብዙውን ስሕተት ያለ መስመር፣ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ይናገራል።

ይሁን እንጂ ደጋፊዎቹ ወጪውን አቅልለው ያዩታል። አንደኛ፣ ዳገር የኮንቴይነር ሞተር ይፈልጋል፤ የሚሠራባቸውም ምስሎች አስቀድመው መውረድ አለባቸው፤ ይህም ራሱ ጥሩ መስመር ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ዓይነት የማይይዘው ስሕተት አለ፤ የተሳሳተ የይለፍ ቃልም ቢሆን ቃል ነውና ኮምፓይለሩ ያሳልፈዋል። ሦስተኛ፣ አክሽንሊንትን የመሰለ መርማሪ ያምሉንም ቢሆን ከመላኩ በፊት ይፈትሻል።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው፦ ተራው አጭር የሆነ እንደ ሆነ ያምል ከመርማሪ ጋር ይበቃል፤ ቅርንጫፍና ድግግሞሽ የበዛበት እንደ ሆነ ግን ዓይነቱ በታወቀ ኮድ ይጻፍ። በሁለቱም መንገድ ሊጠበቅ የሚገባው ደንብ አንድ ነው፤ ይኸውም ስሕተት ሩቅ አገር ሳይደርስ በቤት እንዲታረም ነው።